ከግሮሩድ ወደ እይታ ምርምር፦ ለድኅረ ምረቃ አመልካቾች

ኦስሎ ውስጥ በግሮሩድ፣ በሮምሶስ ወይም በአመሩድ ይኖራሉ እንበል። ከአገር ቤት በሥነ ልቦና፣ በኮምፒዩተር ሳይንስ፣ በፊዚዮቴራፒ ወይም በስታቲስቲክስ ዲግሪ ይዘው መጥተዋል፤ ዛሬ የሚሠሩት ግን በመጋዘን ወይም በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። «ወደ ምርምር መመለስ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ እንዲህ ካሉ ሰዎች ደጋግሞ ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ደግሞ ከማያዋጣው ጫፍ ነው፦ አንድ ዓይነት ሲቪ ለብዙ ፕሮፌሰሮች ይላካል፣ መልስ አይመጣም፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው አንድ ጠባብ መስክ ነው፦ ዓይንና አእምሮ የሕያዋንን እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚለዩ የሚያጠናውን። በጨለማ ውስጥ በአንድ ሰው ትከሻ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ትናንሽ መብራቶች ቢታሰሩና ሰውየው ቆሞ ቢቀር፣ የሚታየው የተበታተነ ነጥብ ብቻ ነው። መራመድ ሲጀምር ግን ተመልካቹ ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ «ሰው ነው» ይላል። ስዊድናዊው ጉናር ዮሐንሶን በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በ1973 ካሳተመው ጥናት በኋላ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሰዎች ከእነዚያ ነጥቦች (የነጥብ ብርሃን ከሚባለው ምስል) ብቻ ፆታን፣ ስሜትን፣ የተሸከሙትን ሸክም ክብደት፣ የጓደኛቸውን ማንነት ሳይቀር መለየት እንደሚችሉ ታይቷል። አእምሮ ይህን በምን መንገድ እንደሚያደርገው ገና አከራካሪ ነው። ለአዲስ ሰው ቦታ ያለውም በዚህ ምክንያት ነው።

1. ጥያቄውን ከሰፈርዎ ያንሡ

ከሁሉ ረጅሙን ጊዜ እዚህ ላይ እንዲያጠፉ እመክራለሁ። የኖርዌይ ተመራማሪ ከውጤትዎ ቀድሞ የሚያየው ጥያቄዎን ነው። «ስለ ሰው አእምሮ ማጥናት እፈልጋለሁ» የሚል ደብዳቤ የሚመለስ ነገር የለውም። «ወፍራም የክረምት ልብስ የለበሰን እግረኛ ለመለየት ስንት መገጣጠሚያ መታየት አለበት?» የሚል ግን ያነጋግራል።

ለምሳሌ ይህንኑ ጥያቄ እንከተለው። በታኅሣሥ አጋማሽ ኦስሎ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ከሥራ ሲመለሱ ትሮንሃይምስቫይን የተባለውን መንገድ የሚሻገሩት በጨለማ ነው። ሰዉ ሁሉ ሬፍሌክስ የሚባለውን አንጸባራቂ አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ብዙዎች የሚያንጠለጥሉት ግን አንዲት ቁራጭ ከጃኬት ኪስ ወይም ከቦርሳ ላይ ነው። በአሜሪካና በአውስትራሊያ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አንጸባራቂው በቁርጭምጭሚት፣ በጉልበትና በእጅ አንጓ ላይ ሲሆን አሽከርካሪዎች እግረኛውን የሚለዩት ያው አንጸባራቂ ደረት ላይ ሲለጠፍ ከሚለዩት ርቀት በጣም አስቀድመው ነው። ደረት ላይ ያለው ቁራጭ «አንድ ነገር አለ» ይላል፤ የሚወዛወዙት መገጣጠሚያዎች ግን «ሰው እየመጣ ነው» ይላሉ። ታዲያ በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው እርምጃውን ያሳጥራል፣ እግሩን ከመሬት ብዙም አያነሣም፣ እጁንም ኪሱ ውስጥ ይከታል። የለመድነው የአረማመድ ምልክት በግማሽ ሲጠፋ የአሽከርካሪው ዓይን ምን ያህል ይዘገያል? ይህን በቤተ ሙከራ መለካት ይቻላል። መልሱም በየሰፈሩ ላሉ እናቶችና ልጆች ይጠቅማል።

ሌላው እስክስታ ነው። የዚህ መስክ ጥናቶች አብዛኞቹ መራመድን የሚመለከቱ ናቸው፤ በመራመድ ደግሞ ብዙውን መረጃ የሚሰጡት እግሮች ናቸው። በእስክስታ እግር ይረጋል፣ ሥራው ሁሉ የትከሻ፣ የአንገትና የደረት ነው። እስክስታ እያየ ያደገ ሰውና አይቶት የማያውቅ ሰው ጥቂት የትከሻ ነጥቦችን ብቻ ቢመለከቱ እኩል ይለያሉ? የጎጃሙን ከወሎው ለመለየትስ ስንት ነጥብ ይበቃል? ልምድ እይታን ምን ያህል እንደሚቀርጽ ለሚጠይቅ ሰው ይህ ብርቅ ዕድል ነው። ውዝዋዜውን እርስዎ ያውቁታል፤ ብዙዎቹ ቤተ ሙከራዎች አያውቁትም።

ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ለማያውቅ ሰው ያንብቡለት። «ምን ይለካል?» ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱት ከጠፋዎት ገና አልጠበበም ማለት ነው።

2. ትንሽ ሙከራ ቤትዎ ውስጥ ይሥሩ

ይህን ሥራ መሞከሪያ እንጂ ለኅትመት የሚሆን ጥናት አድርገው አይያዙት። የሚያስፈልግዎ ላፕቶፕ፣ ሜትርና ትዕግሥት ነው። ሳይኮፓይ የተባለው የሙከራ መሥሪያ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ በፓይተን የተሠራ ቢሆንም ኮድ ለማይጽፍ ሰውም የሚሆን ክፍል አለው። የሚራመዱና የሚዘሉ ሰዎች የእንቅስቃሴ መረጃ ደግሞ አሜሪካ የሚገኘው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በነጻ በለቀቀው የሞሽን ካፕቸር ክምችት ውስጥ ሞልቷል።

ከመረጃው ወደ 13 የሚጠጉ ነጥቦችን (ራስንና ዋና ዋናዎቹን መገጣጠሚያዎች) መርጠው በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ አድርገው ያሳዩ። ተመልካቹ ሰውየው ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ እንደዞረ ቁልፍ ተጭኖ ይመልስ። ከዚያ ሦስት ዓይነት ምስል ያዘጋጁ፦ ቀጥ ያለ፣ የተገለበጠ፣ የነጥቦቹ ቦታ የተዘበራረቀ። የተገለበጠው የሚያስፈልገው ሰው በጭንቅላቱ የቆመ የነጥብ ምስል ለመለየት ስለሚቸገር ነው፤ ነጥቦቹ ያው ሆነው ውጤቱ ሲወርድ፣ ዓይን የሚያየው ነጥብ ብቻ እንዳልሆነ ይገለጣል። የተዘበራረቀው የእያንዳንዱን ነጥብ እንቅስቃሴ ይጠብቃል፣ የአካሉን ቅርጽ ግን ያጠፋል። ስለዚህ ተመልካቹ የሚመካው በቅርጹ ላይ ይሁን በነጥቦቹ ጉዞ ላይ ለመለየት ይረዳል።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው። የመጀመሪያው ምስሉ ስክሪኑን አቋርጦ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ተመልካቹ አካሉን ሳያይ የነጥቦቹን ክምር ጉዞ ብቻ ተከትሎ በትክክል ይመልሳል። ምስሉ በመሮጫ ማሽን ላይ እንዳለ ሰው ባለበት ይራመድ። ሁለተኛው ሁልጊዜ ከአንድ ዓይነት እርምጃ መጀመር ነው፤ መነሻው በየጊዜው ካልተለዋወጠ ተመልካቹ የመጀመሪያዋን ቅጽበት ይሸመድዳል። ሦስተኛው ርቀትን አለመለካት ነው። ዓይን ከስክሪኑ 57 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ በስክሪኑ ላይ ያለ 1 ሳንቲ ሜትር በዓይን ላይ 1 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የዚህ መስክ ሰዎች መጠንን የሚጽፉት በዲግሪ ስለሆነ ይህን ርቀት ከተመልካቹ ዓይን እስከ ስክሪኑ ለክተው ይያዙ። የመልሱ ምርጫ ሁለት ስለሆነ በግምት ብቻ 50 በመቶ ትክክል እንደሚመጣም አይርሱ፤ 58 በመቶ አግኝቶ «ይለያሉ» ማለት ገና ነው።

ውጤቱን በአንድ ገጽ፣ በአንድ ሥዕል ያስቀምጡ። ይህች ገጽ ወደፊት ከሲቪዎ ይልቅ ትሠራለች።

3. ማን የት እንደሚሠራ ይወቁ

የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ከግሮሩድ ሩቅ አይደለም። በ5 ቁጥር ሜትሮ ከተማውን አቋርጠው ፎሽክኒንግስፓርከን ወርደው ጥቂት በእግር መሄድ ነው። በዚያው ሕንፃ ሪትሞ የተባለው የምት፣ የጊዜና የእንቅስቃሴ ምርምር ማዕከል ይገኛል። ሙዚቀኞች፣ የሥነ ልቦና ሰዎችና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች አብረው ይሠሩበታል፤ የሞሽን ካፕቸርና የዓይን መከታተያ ቤተ ሙከራዎች አሉት። እዚያ የሚሠራው የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ተመራማሪ አሌክሳንደር ሬፍሱም የንሴኒየስ ሰዎች ሳይንቀሳቀሱ ለመቆም የሚወዳደሩበትን ሻምፒዮና ከባልደረቦቹ ጋር አዘጋጅቶ፣ ሙዚቃ የቆመን አካል ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ ለክቷል። ብሩኖ ላንግ ደግሞ የዓይን ብሌን መስፋትና መጥበብ ስለ አእምሮ ሥራ ምን እንደሚናገር የሚያጠና የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነው። እስክስታን ለማጥናት ለሚያስብ ሰው ከዚህ የቀረበ ቤት ያለ አይመስለኝም።

ማዕከሉ ሥራ የጀመረው በ2018 ሲሆን ከኖርዌይ የምርምር ምክር ቤት የተሰጠው ድጋፍ የ10 ዓመት ነው። ይህ ለእርስዎ የሚነግርዎ ነገር አለ፦ በየትኛውም ማዕከል ሲያመለክቱ ቦታው በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል፣ ገንዘቡም መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቁ። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ነገሩን የሚያውቅ ሰው ያስመስልዎታል።

ከኦስሎ ውጭ ትሮንሃይም በሚገኘው በኤንቲኤንዩ ዩኒቨርሲቲ ኦድሪ ቫን ደር ሜርና ሩድ ቫን ደር ዌል ሕፃናት ወደ እነርሱ የሚመጣን ነገር ሲያዩ አእምሯቸው ምን እንደሚያደርግ በኢኢጂ (የአእምሮን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚለካው መሣሪያ) ያጠናሉ። በካናዳ ደግሞ የዮርክ ዩኒቨርሲቲው ኒኮላውስ ትሮየ በነጥብ ብርሃን ምስሎች ሥራው ስሙ በሰፊው ይታወቃል።

ሰዎቹን ከወረቀት ባሻገር ለማወቅ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ የዶክትሬት መከላከያ መከታተል ነው። በኖርዌይ ዲስፑታስ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ መግቢያ አይከፈልበትም፤ ከእርሱ በፊት ያለው የሙከራ ንግግርም እንዲሁ። ገብተው ከኋላ ተቀምጠው ተቃዋሚ የሚባሉት ገምጋሚዎች የሚጠይቁትን ይጻፉ። በዚህ መስክ ምን እንደ ጥሩ ሥራ፣ ምን እንደ ደካማ እንደሚቆጠር በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚማሩበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ለሙከራ ተሳታፊ ሲፈለግ መመዝገብም እንዲሁ ይጠቅማል፤ መሣሪያውን በዓይንዎ ያዩታል።

4. ሰነድዎን ቀድመው ያሰናዱ

ይህ የሚያሰለች ሥራ ነው፤ ግን ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ከኢትዮጵያ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ከሆነ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕትና ዋናው ዲግሪ የሚወጡት የወጪ መጋራት ዕዳ ሲጠናቀቅ ስለሆነ፣ አገር ቤት ላለ ዘመድ ውክልና ሰጥተው ቀደም ብለው ያስጨርሱ። የማመልከቻው ወር ሲደርስ የሚጀመር ነገር አይደለም።

የስምዎን አጻጻፍ ይመልከቱ። በዲግሪው፣ በፓስፖርቱና በኖርዌይ መኖሪያ ፈቃዱ ላይ በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ሆኖ የተጻፈ ስም የተለመደ ነው፤ የአባት ስምም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል። ልዩነት ካለ አጭር ማብራሪያ አያይዙ፤ ከዛሬ ጀምሮ በሚጽፉት ሁሉ ላይም አንዱን አጻጻፍ ብቻ ይያዙ።

ለውጭ ትምህርት ዕውቅና የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከ2023 ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርትና ክህሎት ዳይሬክቶሬት (ኤችኬ-ዲር) ነው፤ ቀድሞ ይህን ይሠራ የነበረው ኖኩት ነበር። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም። ዩኒቨርሲቲዎች ለመግቢያ የራሳቸውን ግምገማ ስለሚያደርጉ የኤችኬ-ዲር መልስ እስኪመጣ ማመልከቻውን ማዘግየት ስሕተት ነው። በስደት የመጡና ሰነዳቸውን ማስላክ ወይም ማስመርመር የማይችሉ ሰዎች ደግሞ በቃለ መጠይቅ የሚዳኝ ልዩ ሥርዓት አላቸው። ብዙ ወገኖች ይህ ሥርዓት መኖሩን ሳያውቁ ዓመታት ያልፋሉ፤ ለምታውቁት ሁሉ ንገሩልኝ።

5. የሚገቡበትን በር ይምረጡ

በሮቹ ሦስት ናቸው። ባችለር ብቻ ካለዎት የእርስዎ በር ማስተርስ ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ማስተርስ ውስጥ የኮግኒቲቭ ነርቭ ሳይንስ ዘርፍ አለ፤ በኢንፎርማቲክስ ደግሞ የሮቦቲክስና የማሰብ ችሎታ ያላቸው ሥርዓቶች ዘርፍ አለ፤ ይህኛው ለኮምፒዩተር ምሩቃን ይመቻል። የመጀመሪያው ከበስተኋላዎ በቂ የሥነ ልቦናና የምርምር ዘዴ ኮርሶች ይፈልጋል። ከማመልከትዎ በፊት ትራንስክሪፕትዎን ከመስፈርቱ ጋር መስመር በመስመር ያመሳክሩ፤ የማስተማሪያ ቋንቋውንም ይዩ። በውጭ አገር ላሉና በኖርዌይ ለሚኖሩ አመልካቾች የጊዜ ገደቡ የተለያየ ስለሆነ የሌላ ሰው ቀን አይዋሱ።

ከ2023 መጸው ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ይጠየቃሉ። ሆኖም በጥበቃ ወይም በቤተሰብ ማገናኘት የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው፣ ቋሚ ፈቃድ የያዙም ከክፍያው ነጻ ናቸው። ግሮሩድ ያሉ ብዙ አንባቢዎች የሚወድቁት እዚህ ውስጥ ነው፤ «ክፍያ ተጀምሯል» የሚለውን ሰምተው የተዉ ሰዎች ደግመው ያስቡበት። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሆነው የሚያነቡ ግን ክፍያውን ከኑሮ ወጪ ጋር አስልተው ይነሡ።

ሁለተኛው በር የምርምር ረዳትነት ነው። ቦታው አጭርና ጥቂት ቢሆንም ኮድ የሚጽፍ ወይም መረጃ የሚያጸዳ ሰው ይፈለጋል።

ሦስተኛው ዶክትሬት ነው፤ በኖርዌይ ይህ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። ስቲፔንዲያት የሚባለው ተቀጣሪ በዓመት ከግብር በፊት ከግማሽ ሚሊዮን ክሮነር በላይ ያገኛል፤ ጊዜው 3 ዓመት፣ የማስተማር ወይም ሌላ የግዴታ ሥራ ሩቡን ሲይዝ 4 ዓመት ነው። ስለዚህ አይመዘገቡበትም፤ ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣ ይወዳደራሉ። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ማስተርስና በውስጡ ቢያንስ 30 ክሬዲት የሚመዝን የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠይቃል። በኮርስ ብቻ የተጠናቀቀ ማስተርስ ያላቸው እዚህ ላይ ይቆማሉና አስቀድመው ያጣሩ።

6. ለአማካሪ ይጻፉ

ደብዳቤው ከ150 ቃል አይብለጥ። ኖርዌይ ውስጥ ፕሮፌሰርም በመጀመሪያ ስሙ ይጠራል፤ እኛ ከለመድነው የማዕረግና የአክብሮት መግቢያ ሁለት መስመር መቆጠብ ድፍረት አይደለም። በእንግሊዝኛ ወይም በኖርዌይኛ ሲጽፉት ይዘቱ ይህን ይምሰል፦

«ሰላም። የምኖረው ግሮሩድ ነው፤ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ዲግሪ አለኝ። ስለ ብሌንና ትኩረት የጻፉትን አንብቤ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፦ የለመዱትን ውዝዋዜ በነጥብ ብርሃን ሲያዩ የተመልካቾች ብሌን ካልለመዱት ጋር ሲነጻጸር ይለያያል? በነጻ መረጃ የሠራሁት ትንሽ ሙከራ በአንድ ገጽ ተያይዟል። ለማስተርስ ጽሑፍ የሚሆን መሆን አለመሆኑን ለመጠየቅ 20 ደቂቃ ሊያነጋግሩኝ ይችላሉ?»

የሰውየውን ጽሑፍ ሳያነቡ «አንብቤያለሁ» አይበሉ፤ በመጀመሪያው ውይይት ይታወቃል። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ያስታውሱ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ይለፉ። ዝምታ አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ብዛት ነው።

7. ለዶክትሬት ሲያመለክቱ

ቦታዎቹ የሚወጡት ዮብኖርጌ በተባለው የሥራ ማስታወቂያ ሥርዓት ነው። በቁልፍ ቃል ማሳወቂያ ይክፈቱ፤ «ፐርሴፕሽን» ብቻ ሳይሆን በኮግኒሽን፣ በእንቅስቃሴ ሳይንስ፣ በኮምፒዩተር እይታና በሙዚቃ ሥነ ልቦናም ይፈልጉ፤ መስኩ በእነዚህ ሁሉ ስም ይወጣል።

የፕሮጀክት ዕቅዱ የማመልከቻው ልብ ነው። በማስታወቂያው የተጻፈውን የገጽ ብዛት አይለፉ። ከ1ኛው ደረጃ ጥያቄዎን፣ ከ2ኛው ሥዕልዎን ያስገቡ፤ ምን ውጤት ቢመጣ ግምትዎ ስሕተት እንደሚሆን በግልጽ ይጻፉ። ብዙ አመልካች ይህን ይተወዋል፤ ገምጋሚ ግን ይፈልገዋል። ማመልከቻዎችን የባለሙያ ኮሚቴ ገምግሞ ደረጃ ያወጣል፤ ስለ ራስዎ የተጻፈውን ግምገማ ማየት ይችላሉ። ካላለፉ ያን ገጽ ጠይቀው ያንብቡ፤ ለሚቀጥለው ማመልከቻ ከዚያ የሚበልጥ ምክር አይገኝም። የአመልካቾች ዝርዝር ይፋ ሊሆን እንደሚችልም ይወቁ፤ የአሁኑ አሠሪዎ እንዲያውቅ ካልፈለጉ ስምዎ እንዳይወጣ ምክንያትዎን ጠቅሰው ይጠይቁ።

8. ተሳታፊ ከመጥራትዎ በፊት

ቦታውን አግኝተው እውነተኛው ጥናት ሲጀመር የመጀመሪያው ሐሳብ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ ወይም ከዕድር ሰው መሰብሰብ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ፈቃድ ይቀድማል። የግል መረጃ የሚሰበስብ ጥናት መመዝገብ አለበት፤ ብዙ የኖርዌይ ተቋማት ይህን የሚያደርጉት ሲክት በተባለው የትምህርትና የምርምር አገልግሎት መሥሪያ ቤት በኩል ሲሆን ቅጹ መረጃ ከመሰብሰቡ ቢያንስ 30 ቀን በፊት መግባት ይኖርበታል። የተቋምዎን አሠራር ከአማካሪዎ ያረጋግጡ። ጥናቱ ጤናን የሚመለከት ከሆነ፣ ለምሳሌ የፓርኪንሰን ሕሙማንን አረማመድ፣ የክልሉ የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ማለትም ሬክ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ የዚህ መስክ ልዩ ወጥመድ አለ። «ፊት አይታይም፣ ነጥብ ብቻ ነው» ብሎ መረጃውን ስም አልባ አድርጎ መቁጠር ይቀናል። ወዳጅ ወዳጁን በነጥብ ብርሃን ብቻ እንደሚለይ ከላይ ጠቅሻለሁ። ሁሉም በሚተዋወቅበት ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ የአንድን አዛውንት እስክስታ ወይም እርምጃ በጉባኤ ላይ ማሳየት ስማቸውን ከመጥራት ብዙ አይርቅም። የእንቅስቃሴ መረጃውን እንደ ፊት ፎቶ ይጠብቁት፤ ለማሳያ የሚጠቀሙበት ከሆነም ለዚያ ለብቻው ፈቃድ ይጠይቁ።

የፈቃድ ቅጹን በአማርኛም በኖርዌይኛም ያዘጋጁ። ለታላላቆች ቁጭ ብለው በቃል ያንብቡላቸው፤ «እርስዎ ካሉ ይሁን» ብለው ለእርስዎ ሲሉ እንዳይፈርሙ ያለ ምክንያት መተው እንደሚችሉ፣ የተቀዳውም መረጃ እስከ የትኛው ቀን ድረስ እንደሚሰረዝላቸው በግልጽ ይንገሯቸው። ያን ቀን በቅጹ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉት።